ለራሰ በራው አማች የተሠራ ኮፍያ

ጋሽ መቀስን ሰፈሩ በሁለት ነገር ያውቃቸዋል፤ በእጃቸውና በአፋቸው። እጃቸው ፀጉር ሲቆርጥ አፋቸው ወሬ ይቀጥላል። ወንበራቸው ላይ የተቀመጠ ሰው ማጅራቱ ተስተካክሎ፣ የመንደሩን ዜና በሙሉ ጠጥቶ ነው የሚነሳው። የማን ራስ ሾጠጥ ያለ፣ የማን ኋላ ጠፍጣፋ እንደሆነ፣ ከማን ጆሮ በላይ የልጅነት ጠባሳ እንዳለ በጣታቸው ያውቁታል። መንገድ ላይ እንኳ ሰውን ከፊቱ ይልቅ ከኋላው ቀድመው የሚለዩ ሰው ነበሩ።

በሰፈሩ ውስጥ እጃቸው ያልነካው አንድ ራስ ብቻ ነበር፤ የገዛ አማቻቸው ራስ።

ልጃቸው ያገባችው ኤሌክትሪሺያን ነው። ፀጉሩ ገና በወጣትነቱ ጥሎት ሄዷል፤ የቀረችውን ጥቂት ጭላጭ ደግሞ ራሱ በመላጫ ያጸዳታል። ልጃቸው መጀመሪያ ይዛው መጥታ «አባዬ፣ ይኸውልህ» ያለች ዕለት፣ የጋሽ መቀስ ዓይን ከሰላምታው በፊት ሽቅብ ሄደ። አናቱን አዩትና፣ «በል እንግዲህ፣ ከእኔ በኩል የምትጠቀመው ነገር የለም» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ቀልዱ ማብቂያ አጣ። ለደንበኞቻቸው፣ «አማቼ በደጄ ሲያልፍ አምፖል አላበራም፤ ኤሌክትሪሺያን ማለት እንዲህ ነው!» ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ ወሬው እሱ ጆሮ ይደርሳል፤ እሱ ምንም አይልም።

እውነቱን ለመናገር ሆዳቸው ውስጥ የቀረው የፀጉሩ ነገር አልነበረም። ዝምታው ነው። ለጋሽ መቀስ ዝምተኛ ሰው የተዘጋ ሱቅ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። «አሥር ጥያቄ ስትጠይቀው አንድ ‘እሺ’ ይሰጥሃል» እያሉ ለልጃቸው ያማርራሉ። ልጃቸውም፣ «አባዬ፣ አንተ መች መልስ ታስጨርሳለህ?» ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአንድ ደንበኛ ማጅራት እያስተካከሉ ሳለ መቀሱ ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ቀኝ እግራቸው ከዳቸው። ደንበኛው ግማሽ ፀጉሩ እንደተቆረጠ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ታክሲ ፍለጋ ሮጠ። ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው ተባለ። አፋቸውን እግዜር አተረፈላቸው፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ፣ ቀኝ እግራቸውም ወለሉን መጎተት ጀመረ።

ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ብቻቸውን መኖር የማይታሰብ ሆነ። ልጃቸው ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። ልጅቷ የምትሠራው ዳቦ ቤት ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ቀትር ላይ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጋሽ መቀስን ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ በማን ላይ ወደቀ? በዚያው በተዘጋው ሱቅ ላይ።

የመጀመሪያው ቀን ለጋሽ መቀስ የሞት ያህል ከበዳቸው። መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ነው። አማቻቸው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አስገብቶ፣ ውኃውን በክንዱ ለክቶ፣ እሳቸውን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ልብሳቸውን አወለቀላቸው። አላያቸውም። ሳያይ፣ በእጁ ብቻ እያገኘ፣ ጀርባቸውን በሳሙና አሸ። ሲያደርቃቸው ብቻ ጋሽ መቀስ፣ «ውኃው አልበዛበትም?» አሉ፤ ሌላ ነገር ስላጡ።

«ነገ እቀንሰዋለሁ፣ ጋሼ።»

ጢማቸውን የላጫቸው ዕለት ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ስንቱን ጉሮሮ በምላጭ የዳበሱ ሰውዬ አንገታቸውን ቀና አድርገው ለአማተር ሰጡ። እሱም ገና ሲጀምር አገጫቸው ላይ ቧጠጣቸው።

«ቆዳውን ወጥረው እንጂ! ሽቦ እየላጥክ መሰለህ?»

«ሽቦ ቢሆን አልቧጥጥም ነበር» አለ።

ጋሽ መቀስ በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብለው አዩት። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ቀልድ ይሁን እውነት መለየት አቃታቸው። ግን ቆዳውን ወጠረ፤ ከሳምንት ሳምንትም እጁ እየተገራ ሄደ።

ወደ ሕክምና ማዕከሉ የሚወስዳቸውም እሱ ነው። ላዩ ላይ መሰላል የታሰረበት፣ ውስጡ የሽቦ ጥቅል የሞላበት አሮጌ መኪና አለችው፤ የፊተኛውን ወንበር በትራስ አደላድሎላቸዋል። ማዕከሉ ውስጥ የእጅ እንቅስቃሴ የምታሠራቸው ባለሙያ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ከሳቋ ይልቅ ትእዛዟ የሚቀድም ሴት ናት። ሁሉም ሲስተር ነው የሚሏት። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ቀለበት አስቀመጠችላቸው። እንደ ወንፊት ክብ ነው፤ መሃሉ ባዶ፤ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን አጫጭር ችካሎች ተተክለውበታል።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሹራብ ኮፍያ መሥሪያ ነው። ክሩን ችካሎቹ ላይ እየጠመጠሙ አንድ ዙር ይሄዳሉ። ከላዩ ደግመው ይጠመጥማሉ። ከዚያ በዚህች መንጠቆ የታችኛውን ክር ያነሱና በላይኛው አሻግረው ወደ ውስጥ ይጥሉታል። ቀጥለው ወደሚቀጥለው ችካል። በቃ ይኸው ነው።»

«ሲስተር፣ እኔ ከሰው ራስ ላይ ማውረድ እንጂ መጫን አልለመድኩም።»

«ጣትዎ ፀጉርና ክር አይለይም፤ ይያዙ» አለችና መንጠቆዋን በቀኝ እጃቸው ውስጥ አስገብታ ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፈችላቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍዳ ነበሩ። መንጠቆዋ ትወድቃለች፤ ክሩ ይላላል፤ አንዱን ሲያሻግሩ ሌላው ያመልጣል። አንድ ዙር ጨረሱ ማለት ቀኑ ተጋመሰ ማለት ነው። ላባቸው ይንቆረቆራል፤ ይራገማሉ፤ ቀለበቱን ገፍተው «ለፈለገ ስጪው!» ይላሉ። ሲስተር ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሌላውን ታማሚ ታሠራለች። ትንሽ ቆይተው ቀለበቱን ራሳቸው ወደ ራሳቸው ይስቡታል። እንዲህ እንዲህ እያለ በቀለበቱ ሆድ ውስጥ የጨርቅ ጫፍ ብቅ አለ፤ ወደ ታች እየወረደም አደገ። ያንን ያዩ ቀን እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ቀለበቱንም ወደ ቤት ይዘውት ገቡ።

የመጀመሪያው ኮፍያ ሲያልቅ ግን የገዛ ዓይናቸውን አላመኑም። የሠሩት በትልቁ ቀለበት፣ ክሩንም እጅግ አላልተው ስለነበር፣ ራሳቸው ላይ ሲያደርጉት እስከ አፍንጫቸው ዋጣቸው።

«ይሄ ለሰው ነው ለጀሪካን?» አለች ልጃቸው፣ በሳቅ እየተንፈራፈረች።

አማቻቸው ኮፍያውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ወጠር አደረገው። «ለጄኔሬተር ይሆናል» አለ።

ጋሽ መቀስ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያስቡ፣ ይህ ሰው ለካ ሁልጊዜም ይናገር ነበር፤ እኔ ነኝ ዝም ብዬ ያልሰማሁት አሉ በልባቸው።

የብርዱ ወራት ገባ። ኤሌክትሪሺያኑ ጣሪያ ላይ፣ ምሰሶ ላይ ነው ውሎው። ማታ ሲገባ ጆሮው ቀልቶ፣ ግንባሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ነው። ያለችው ኮፍያ ከአንድ የቀለም ፋብሪካ የተሰጠችው፣ ንፋስ የማትከለክል፣ ጫፏ የተቦጨቀ ናት። አንድ ምሽት ልጃቸው ሻሿን አውልቃ ራሱን ጠቀለለችለትና ተሳሳቁ። ጋሽ መቀስ ከሶፋቸው ላይ ሆነው አዩ። አንጀታቸውን በላቸው። ለሰፈሩ ራስ ሁሉ ሲጨነቁ ኖረው፣ በየጠዋቱ ፊታቸው ጎንበስ የሚለው ራስ ሲበርደው አስበውት አያውቁም።

በማግስቱ ማዕከሉ እንደደረሱ፣ «ሲስተር፣ ደህና ክር ስጪኝ» አሉ። ጥቁር ግራጫ መረጡ፤ ወፍራም፣ ለስላሳ።

«ለማን ነው?»

«ለአማቼ።»

«ራሱ ምን ያህል ነው? ቀለበቱን እንድመርጥልዎ።»

ጋሽ መቀስ፣ የሌላውን ብትጠይቃቸው፣ የመንደሩን ራስ በሙሉ ከፋርማሲስቱ እስከ ዘበኛው ይነግሯት ነበር። የዚህን ግን አያውቁትም። ፊታቸው ጋለ። «ነገ እነግርሻለሁ» አሉ።

ጠዋት አማቻቸው እንደወትሮው እግራቸው ሥር ተንበርክኮ የጫማቸውን ክር ያስር ጀመር። ያ ራስ ከጉልበታቸው ፊት ለፊት ነው። ጋሽ መቀስ ጊዜው አሁን ነው ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና ራሱ ላይ አሳረፉ፤ ግራውን አጥብቀው፣ ቀኙን እንደ ምንም አመቻችተው። በአውራ ጣታቸው ግንባሩን፣ በመሃል ጣታቸው ከጆሮው ኋላ ያለውን ጉብታ ፈለጉ። ሰፊ ራስ ነው፤ ከኋላው ሞላ ያለ፤ አናቱ ላይ በአንድ ወገን እንደ ጭረት ያለ ጠባሳ አለው፤ ጣሪያ ገጭቶት ይሆናል። ቆዳው ቀዝቃዛ ነው። ልኩን በጣታቸው ይዘው፣ አሁን ይበቃኛል ሊሉ ሲሉ አማቻቸው የጫማውን ክር እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያም በዝግታ፣ አንገቱን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ፣

«አሜን» አለ።

መረቁኝ ብሎ ነው!

ጋሽ መቀስ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን አፋቸው ተሳስሮ አያውቅም። ልክ እየወሰድኩ ነው እንዳይሉ፣ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኗል። ዝም እንዳይሉ፣ አሜን ተብሏል፤ አሜን የተባለበት ነገር ባዶ ሆኖ ሊቀር ነው? እጃቸውን ከዚያ አላነሱም። ይህ ሰው አንድም ቀን ሳያማርር፣ አንድም ቀን ደከመኝ ሳይል፣ እግራቸው ሥር ስንት ጠዋት ተንበረከከ?

«ተባረክ» አሉ። «እጅህ አይዛል። ከፍታ ላይ ስትወጣ እግዜር ይያዝህ።»

«አሜን፣ ጋሼ» አለና ክሩን አስሮ ጨረሰ። ያን ዕለት መኪናው ውስጥ እያፏጨ ነዳ። ጋሽ መቀስ ደግሞ ጣታቸው የያዘውን ልክ እንዳይረሱ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ አየር አቅፈው ነበር የሄዱት። ሲስተር ገና ከበሩ ስታያቸው፣ «ምን ሆነው ነው?» አለች። «ዝም በይ፣ ራስ ይዤ ነው የመጣሁት!» አሏት። እሷም እየሳቀች በሁለቱ መዳፋቸው መሃል የሚገባውን ቀለበት መረጠች።

ሥራው የቤትና የማዕከል ሆነ። ልጃቸውና አማቻቸው ሥራ ሲሄዱ ጋሽ መቀስ መስኮት ሥር ተቀምጠው ይጠመጥማሉ፣ ያሻግራሉ፣ ይጥላሉ። የታችኛውን ጠርዝ፣ ጆሮ እንዲሸፍን፣ ሲስተር እንዳሳየቻቸው መልሰው አጥፈው ችካሉ ላይ ደረቡት። ክሩን እንደ በፊቱ አላላሉትም። አንድ ጊዜ አማቻቸው አይቶ «ይሄኛው ለማነው?» ሲላቸው፣ «ለእጄ ነው፤ ሐኪም አዞኝ» አሉት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።

ኮፍያው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መከራ መጣ። አማቻቸው ወጥቶ ቤቱ ጭር ብሏል። ቀኝ እጃቸው ድንገት ተኮማተረባቸውና ቀለበቱ ከጉልበታቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ክሩ ከወንበሩ እግር ጋር ተያይዞ ተወጠረ፤ ከችካሎቹ የተወሰኑት ባዷቸውን ቀሩ። ጋሽ መቀስ እየተንፏቀቁ ወርደው ወለሉ ላይ ተቀመጡና በመንጠቆዋ ያመለጡትን የክር ቀለበቶች ሊያነሱ ሞከሩ። አንዱን ሲያነሱ ጎረቤቱ ይተረተራል። እንደገና ሞከሩ፤ ባሰበት። ያን ጊዜ ቅስማቸው ተሰበረ። ከታመሙ ጀምሮ አንድም ቀን ያላለቀሱት ሰውዬ ቀለበቱን ታቅፈው እንባቸው ወረደ።

በሩ የተከፈተው በዚህ መሃል ነው። አማቻቸው የኤሌክትሪክ መፈተሻውን፣ ቴስተሩን፣ የረሳ መስሎት ተመልሶ ነበር።

«ጋሼ! ወደቁ እንዴ?»

«እኔ አልወደቅኩም። ይሄ ነው የወደቀው።»

አላነሳቸውም፤ አልጮኸም። ቦርሳውን አስቀምጦ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ቀለበቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። «አይነካኩት። በጎተቱት ቁጥር ይሸሻል» አለ። ከደረት ኪሱ ቀጭኗን ቴስተሩን አወጣ፤ ኪሱ ውስጥ ነበረች ለካ። በጫፏ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ እንደሚፈልግ ሰው፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ያመለጡትን የክር ቀለበቶች አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ችካሎቻቸው መለሰ። «ይህ የየትኛው ነው? ይሄኛው?» እያለ ይጠይቃል፤ ጋሽ መቀስ በጣታቸው ያሳዩታል። ለማን እንደሚሠራ ሳያውቅ የገዛ ኮፍያውን ከጥፋት አወጣ። ጋሽ መቀስ ልሳቅ ወይ ላልቅስ አሉ፤ ሁለቱንም አደረጉ።

«አሁን ለምን ይስቃሉ?»

«ተወኝ። ሥራህ እንዳይረፍድብህ።»

«ይረፍዳ» አለ። የመጨረሻዋን ክር ካስገባ በኋላ ደግፎ አነሳቸው፣ ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ አበሰላቸው፣ ከዚያ ሄደ።

ኮፍያውን የዘጉት በማዕከሉ ነው። ሲስተር ወፍራም መርፌ ሰጠቻቸው። የክሩን ጫፍ አስገብተው በየችካሉ ላይ ያለውን የክር ቀለበት እየወጉ አንድ ዙር ሄዱ፤ ከዚያ ሁሉንም አውልቀው ክሩን ሲስቡት አናቱ እንደ ከረጢት አፍ ተሰበሰበ። ከውስጥ በኩል ቋጠሩት። መቀስ ስጪኝ አሉና በቀኝ እጃቸው ትርፉን ክር ቆረጡ። መቀስ በእጃቸው ሲይዙ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሲስተር አየችና ትከሻቸውን መታ መታ አደረገቻቸው። እሳቸውም እጇን ይዘው፣ «ይቺን ጣት አንቺ ነሽ የመለስሽልኝ፤ ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ» አሏት። «እኔ አዝዣለሁ፤ የሠሩት እርስዎ ነዎት። አማችዎም ያመጣዎታል፤ አንድ ቀን አስቀርቶ አያውቅም» አለች።

መኪናው ውስጥ ገብተው በሩ እንደተዘጋ ኮፍያውን ከኮታቸው ሥር አወጡ።

«ጎንበስ በል።»

«ምን?»

«ጎንበስ በል ነው የምልህ!»

ጎንበስ አለ። አጠለቁለት። ከግንባሩ ላይ ዝቅ፣ ከጆሮው ላይ እጥፉን ደልደል አደረጉ፣ ከኋላ ሳብ። አልሰፋም፣ አልጠበበም፤ ልክ የገዛ ፀጉሩ ተመልሶ የበቀለ ይመስል። አማቻቸው የኋላ ማሳያውን መስታወት ወደራሱ አዞረና ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«የኔ ነው እንዴ? ያ… ያ የወደቀው?»

«አንተው ነህ ያዳንከው።»

«ልኬን እንዴት አወቁ?»

ጋሽ መቀስ አመነቱ። ከዚያ እውነቱን አወጡት። ያን ጠዋት ጫማ ሲያስር እጃቸውን የጫኑበት ልክ ለመውሰድ እንደነበር፣ አሜን ሲል ክው ብለው እንደቀሩ፣ ሁሉንም ነገሩት። አማቻቸው መጀመሪያ ፈዞ አዳመጠ፤ ቀጥሎ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጋሽ መቀስ ይህ ሰው እንዲህ ሲስቅ አይተውት አያውቁም።

«እኔ እኮ ያን ቀን ሙሉ መሬት አልረገጥኩም» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «አባቴ ሲሞት ልጅ ነበርኩ። ራሴ ላይ የአባት እጅ አርፎ አያውቅም።»

ጋሽ መቀስ በግራ እጃቸው ክንዱን ያዙ።

«ስማኝ። እጄን ያነሳሁት ለልክ ነው። ተባረክ ያልኩህ ግን ከአንጀቴ ነው፤ አሁንም እደግመዋለሁ። በራስህ ስንት ዘመን ቀለድኩ? አንተ ደግሞ እኔን አጥበህ፣ ላጭተህ፣ ጫማ አስረህ፣ አንድ ቀን ፊት አልነሳኸኝም። ወንድ ልጅ አልወለድኩም እያልኩ ሳማርር የኖርኩ ሰው ነኝ። አመሰግንሃለሁ።»

አማቻቸው ሞተሩን አስነሳ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ነው፣ «እኔም፣ ጋሼ» ያለው። ጋሽ መቀስም አልጨመሩበትም፤ መንገዱን ሁለቱም ዝም ብለው ሄዱ፤ እንደዚያ ያለ የሚጥም ዝምታ መኖሩንም ያን ቀን አወቁ።

ቀኝ እጃቸው እንደ ድሮው አልሆነም። ቁልፍ ይቆልፋል፣ ማንኪያ ይይዛል፣ መንጠቆ ይይዛል፤ ምላጭ ግን አይታመንበትም። ወንበራቸውን አብሯቸው ፀጉር ይቆርጥ ለነበረው ባልደረባቸው ለቀው፣ አሁን ፀጉር ቤቱ ውስጥ በመስታወቱ ጥግ ተቀምጠው ኮፍያ ይሠራሉ፤ ወሬያቸውን ግን የቀነሰ የለም። አዲስ የተላጨ ደንበኛ ብርዱን ፈርቶ ከበሩ ሲያመነታ፣ «ና ወዲህ፣ ያንተን ልክ አውቀዋለሁ» ይሉታል።

ቅሬታ ያላት አንዲት ሰው ብቻ ናት። «ለሰፈሩ ሁሉ ሠራህ፤ እኔ የገዛ ልጅህስ?» አለች፣ አንድ ቀን ከዳቦ ቤት ስትገባ፣ ዱቄት ያረፈበትን ፀጉሯን በጣቷ እየበተነች።

ጋሽ መቀስ ያንን የፀጉር ጫካ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺማ ትልቁ ቀለበት ነው የሚበቃሽ» አሉ። «ቀለም ምረጪና ነይ፤ ነገ እንጀምራለን።»

«ቀይ!» አለች።